ሽልንግ፦ ከናይሮቢ መጥታ ስሟን ትታልን የሄደች ገንዘብ

ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ "ሽልንግ መልስ አለው፣ እንዳትረሳ" ይሉኝ ነበር። ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ሽልንግ ሃምሳ። በቃ። ለምን ሽልንግ እንደተባለ የጠየቀ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጥያቄው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌ ሳንቲም ከሚሸጥ ሰው ሁለት ሳንቲም ገዝቼ ቤት ስገባ ነው። አንዷ የኛ ናት፣ የጃንሆይ ምስል ያለባት፣ ፲፱፻፴፮ (1936 ዓ.ም.) የሚል የተጻፈባት የብር ሃምሳ ሳንቲም። ሌላዋ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ራስ አለባት። ጀርባዋ ላይ አንበሳ ቆሟል፣ ከኋላው ተራራ ይታያል፣ ዙሪያውን ምሥራቅ አፍሪካ፣ አንድ ሽልንግ፣ 1942 ይላል። ከዚህች ሳንቲም ላይ አንድ ትንሽ የላቲን ፊደል አለች፣ "አይ"። ቦምቤይ መመታቷን የምትናገር ምልክት ናት። የእንግሊዝ ንጉሥ፣ የአፍሪካ አንበሳ፣ የሕንድ ማተሚያ፣ መጨረሻዋ ደግሞ አዲስ አበባ።

እዚህ ጋ የሚጠናው ጉዳይ እሷ ናት፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ዓ.ም. ካልኩ የኛ ነው።)

መጀመሪያ ሩፒ ነበረ

እንግሊዞች ኬንያን ሲይዙ ገንዘባቸውን ይዘው አልመጡም። የሕንድን ነው ያመጡት። ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደውን ባቡር የሠሩት ከ30 ሺህ በላይ የሕንድ ሠራተኞች ናቸው፤ ደሞዛቸው በሩፒ፣ ነጋዴውም ሕንዳዊ፣ መርከቡም ወደ ቦምቤይ። ከ1905 ጀምሮ ሩፒው በ1 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ተተመነ። የእንግሊዙ ሽልንግ 12 ፔንስ፣ ሃያ ሽልንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ ስለሆነ፣ ለአንድ ፓውንድ 15 ሩፒ ማለት ነው። በጎረቤት ጀርመኖች ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ የየብስ ክፍል) ውስጥ የራሳቸውን ሩፒ ይመቱ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ባሕሩን ዘግቶ ሳንቲም አልደርስ ሲላቸው፣ በ1916 ታቦራ ከተማ ባለው የባቡር ጋራዥ ዝሆን ያለበት የ15 ሩፒ ወርቅ መትተዋል። ሰብሳቢዎች ዛሬ ያብዱላታል። እኔ ዋጋዋን አይቼ ገጹን ዘጋሁት።

ከጦርነቱ በኋላ የብር ማዕድን ዋጋ ሰማይ ነካ። ሩፒ የብር ሳንቲም ስለሆነ አብሮ ወጣ፤ ከ2 ሽልንግም አለፈ። ይሄ ለማን ችግር ሆነ? ለነጭ ሰፋሪዎቹ። ሰፋሪው ከባንክ የተበደረው በሩፒ ነው። ቡናውንና ቃጫውን ለንደን የሚሸጠው በፓውንድ ነው። ሩፒው ሲወደድ ዕዳው ቁጭ ባለበት አበጠ። ወደ ድሮው 1 ሽልንግ ከ4 ፔንስ መልሱልን ብለው ጮኹ። ለንደን ግን በ1920 ሩፒውን 2 ሽልንግ ላይ ቸነከረችው። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ በፓውንድ ለሚቆጥር ሰው ዕዳው በግማሽ ጨመረ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ብር ወዲያው ረከሰ። የሕንድ ሩፒ በዓለም ገበያ ወደ ድሮው ዋጋው ወረደ፣ ሞምባሳ ላይ ግን አሁንም 2 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ነጋዴ ነገሩ ገብቶታል። ሩፒ በጀልባ ይገባ ጀመር። መንግሥት ማስገባቱን ከለከለ፣ ለጊዜው ፍሎሪን የሚባል አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ፍሎሪኑም ዓመት ሳይሞላው ተሰረዘና ግማሹ ሽልንግ ተብሎ በ1921 ተመታ። አንድ ሽልንግ መቶ ሳንቲም፣ ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ። ሽልንጋችን የተወለደችው እንዲህ፣ በጥድፊያና በንዴት መሃል ነው።

የዚህን ሁሉ ኪሳራ የከፈለው ግን በባንክ ዕዳ ያልነበረበት ሰው ነው። በ1921 ሰፋሪዎቹ የአፍሪካውያን ሠራተኞችን ደሞዝ በሲሶ ለመቁረጥ ተስማሙ። ሃሪ ቱኩ የሚባል ወጣት የስልክ ኦፕሬተር ናይሮቢ ላይ ሰው ማደራጀት ጀመረ። የደሞዙ ጉዳይ፣ ግብሩ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የመታወቂያ ወረቀት ሁሉ አጀንዳው ነበር። መጋቢት 1922 ሲያስሩት ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተሰበሰበ፣ ተተኮሰበት፤ መንግሥት ራሱ ያመነው 21 ሰው ነው የሞተው። የገንዘብ ታሪክ ስናወራ ስለ ንጉሥ ምስል ብቻ ስለምናወራ ይቺን እዚህ ጋ ላስቀምጣት።

ቁልፉ ለንደን

ሽልንጉን የሚያስተዳድረው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ነው፤ የተቋቋመው ታኅሣሥ 1919 ለንደን ውስጥ። ማዕከላዊ ባንክ አይደለም። አሠራሩ የገንዘብ መንዛሪ ሱቅ ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ላይ ፓውንድ ታስገባለህ፣ ናይሮቢ ወይም ሞምባሳ ላይ ሽልንግ ትቀበላለህ። ሽልንግ ትመልሳለህ፣ ፓውንድ ትወስዳለህ። ቦርዱ የተቀበለውን ፓውንድ በአብዛኛው የእንግሊዝና የሌሎች ቅኝ ግዛቶች ቦንድ ይገዛበታል፣ ወለዱን ያገኛል።

ጥሩ ጎኑ ገንዘቡ እንደ ፓውንዱ የተረጋጋ መሆኑ ነው። ክፉ ጎኑ ደግሞ፣ ድርቅ ቢመጣ፣ ቡና ቢረክስ፣ አገሩ ብድር ቢፈልግ፣ ቦርዱ ለብዙ ዓመታት አንዲት ሽልንግ ከራሱ አያወጣም ነበር። ቡና ካልተሸጠ ፓውንድ የለም፣ ፓውንድ ከሌለ ሽልንግ የለም። ቢሮው ከለንደን ወደ ናይሮቢ የተዛወረው በ1960 ነው፤ አርባ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ልጆቹ ከቤት ሊወጡ ሲሉ።

አባላቱ በየጊዜው ጨመሩ። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ከጀርመን የተወሰደችው ታንጋኒካ፣ በ1936 ዛንዚባር ሩፒዋን ትታ፣ በ1951 የየመኗ ወደብ ኤደን።

ሳንቲሞቹን አይቶ አለመውደድ ይከብዳል። 1፣ 5ና 10 ሳንቲሙ መሃሉ የተበሳ ነሐስ ነው፣ ቀዳዳውን ሁለት የዝሆን ጥርሶች ከበውታል። በክር ሰክተህ አንገትህ ላይ ታደርገዋለህ። 10 ሳንቲሙ ከሽልንጉ በላይ ግዙፍ ነው፤ ሕፃን ልጅ ምረጥ ቢባል እሱን ነው የሚያነሳው። መሃላቸው ስለተበሳ የንጉሥ ፊት አይገባባቸውም፣ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። ይሄ ነገር አንድ አስቂኝ ውጤት አመጣ። ኤድዋርድ ስምንተኛ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዙፋኑን ለቀቀ፣ በአገሩ በእንግሊዝ በምስሉ ሳንቲም ገበያ ላይ አልዋለም። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን ፊት መቅረጽ ስለማያስፈልግ የ1936ቱ 5ና 10 ሳንቲም በስሙ ተመቶ ወጣ። የኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ቲማቲም ሻጭ በእጇ የያዘችውን ሳንቲም የለንደን ሰው አላገኘውም።

የወረቀቱ ገንዘብ ላይ ደግሞ ዋጋው በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በጉጅራቲ ተጽፏል። ገዢው፣ የጠረፉ ሰው፣ ባለሱቁ። ቡናውን የሚለቅመው ሰው በየትኛው ያንብበው?

አዲስ አበባ፣ 1933 ዓ.ም.

በ1941 ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር ሶማሊያን አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ገቡ። ጦር ሲገባ ገንዘብ ያዥውም አብሮ ይገባል። የወታደሩ ደሞዝ፣ የበሬው ግዥ፣ የጭነት ኪራዩ፣ ሁሉም በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሆነ።

ገበያው ግን ባዶ አልነበረም። የጣልያን ሊሬ ሞልቷል፤ እንግሊዞች 24 ሊሬ በአንድ ሽልንግ ብለው ተመኑት። ገበሬው ጋ ያለው ደግሞ የማርያ ትሬዛ ብር ነው፣ ያቺ ኦስትሪያዊት ንግሥት። ጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ ከሰው እጅ ልታወጣት ታግላ አቅቷታል። ከግብፅና ከሱዳን በኩል የመጣ ገንዘብም ነበር። አንድ የመርካቶ ባለሱቅ ቅቤ ሸጦ ማታ ካዝናውን ሲከፍት የሁለት አህጉር ነገሥታት ይጠብቁታል። ያ ሰው ሒሳብ ያልቻለ፣ ማን ይችላል?

ሽልንጉን ሰው ወዲያው አልወደደውም። ወረቀቱንማ ጭራሽ። ምክንያቱ ባላገር ስለሆነ ወይም ስላልገባው አይደለም፤ በጣም ስለገባው ነው። እስኪ በግራም እናስላው። ማርያ ትሬዛ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው። ሽልንጓ 7.8 ግራም ናት፣ ብሯ ሩቡ ብቻ ነው፤ ማለትም 1.9 ግራም ገደማ። ሁለት ሽልንግ ቢደመር 4 ግራም ብር አይሞላም። እንግዲህ በሬህን ሸጠህ የቱን ትቀበላለህ? ጣልያን ባንዲራዋን ይዛ ስትሄድ ሊሬዋ ወረቀት ሆኖ ሲቀር በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሌላ ባንዲራ ይዞ ለመጣ ሌላ ወረቀት በሬውን አይሰጥም።

ጥር 1942 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ተፈረመ። እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን፣ ከዚያ 500 ሺህ፣ ከዚያ 250 ሺህ ለመስጠት ቃል ገባች፣ በየዓመቱ እየቀነሰ። በገንዘቡ በኩል የእንግሊዞቹ ፍላጎት ኢትዮጵያ በሽልንጉ ቤት ውስጥ እንድትቀጥል ነበር። ምቹ ነው፣ ማተሚያው አለ፣ ቦርዱ አለ፣ ከኬንያ ጋር ንግዱ ይቀላል።

ኢትዮጵያ እሺ አላለችም። ይሄ በኔ ግምት በዚያ ዘመን ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ በጣም ሳይወራለት የቀረው ነው። በቦርዱ ብትገባ ኖሮ ገንዘቧ በቡናና በቆዳ ሽያጭ ልክ ብቻ ይሆናል፣ መጠባበቂያው ለንደን ይቀመጣል፣ ሳንቲሙ ላይ ጆርጅ ስድስተኛ ይቀመጣል። ገና ከወረራ ለወጣ አገር የመጨረሻው ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሌላ በር አንኳኩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1943 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከአሜሪካ ጋር የጦር ጊዜ የእርዳታ ስምምነት ተፈረመና አሜሪካ ለሳንቲም የሚሆን 5,430,000 አውንስ ብር በብድር ሰጠች።

ሠላሳ ሚሊዮን ሃምሳ ሳንቲም

የብሩን መጠን ሳየው መጀመሪያ ቁጥር ብቻ መሰለኝ። ከዚያ ካልኩሌተር አወጣሁ። የመጀመሪያዋ የኛ ሃምሳ ሳንቲም 7.03 ግራም ናት፣ ከመቶ 80 እጁ ንጹሕ ብር። 5.6 ግራም ብር ማለት ነው። ያን ሁሉ አውንስ (አንዱ 31 ግራም ገደማ ነው) በዚህ ስታካፍለው ወደ 30 ሚሊዮን ሳንቲም ይመጣል። ፊላደልፊያ ላይ የተመታችውም ልክ 30 ሚሊዮን ነች። ከብድሩ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልተረፈም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሽልንጓ ትልቅ ናት፣ ትከብዳለች፣ ብሯ ግን 1.9 ግራም ነው። የኛዋ ታንሳለች፣ ብሯ 5.6 ግራም ነው። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይሄ አጋጣሚ አይመስለኝም። በማርያ ትሬዛ የለመደን ሕዝብ ወረቀት እንዲቀበል ለማድረግ መጀመሪያ እጁ ላይ ጥሩ ብር ማስቀመጥ ነበረባቸው። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ሃምሳ ሳንቲም ከማርያ ትሬዛ ግማሽ ገደማ ብር ነው ያለው። ገበሬው ንግሥቲቱን ጎተራ ሥር ቀብሮ በአዲሱ ገበያ መውጣቱ አያስገርምም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ወጣ። በአማርኛ ብር፣ በእንግሊዝኛ ዶላር። ወረቀቶቹ ላይ ጃንሆይ አሉ፤ ባለ አንዱ ላይ ገበሬ በበሬ ያርሳል፣ ባለ አምስቱ ላይ ግራር ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ከታች የፈረሙት አሜሪካዊው የባንኩ ገዢ ጆርጅ ብሎወርስ ናቸው። የፈረንጅ ፊርማ መኖሩ ትንሽ ይከነክናል፣ ግን ቢያንስ ተቀጣሪ ነው፤ ደሞዙን የሚከፍለው አዲስ አበባ ነው።

የምንዛሪው ተመንስ? 1 ብር በ2 ሽልንግ።

በዚህ ሒሳብ አንድ ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሰው ሽልንጉን ባንክ ወስዶ በአዲሷ የብር ሳንቲም ቀየረ፣ ስሙን ግን አልቀየረም። ትናንት ሽልንግ ያወጣ የነበረ ነገር ዛሬም ሽልንግ ያወጣል። አፍ ከእጅ ቀድሞ ለምዶ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ስህተት ሠርተዋል። ስሙኒዋ መጀመሪያ ክብ ነሐስ ነበረች፣ በመጠን ከሃምሳ ሳንቲሟ ጋር የምትቀራረብ። አራዳው ምን አደረገ? ብር ቀባትና ሽልንግ ብሎ ሸጣት። በሃያ አምስት ሳንቲም ሃምሳ ሳንቲም ማግኘት፣ ያለ ብድር፣ ያለ ቦርድ! ክቧ ተሰበሰበችና ዳር ዳሯ እንደ አበባ የተሸነሸነች ስሙኒ ወጣች። የጃንሆይን ዘመን ስሙኒ በእጁ የዳሰሰ ሰው ያንን ጠርዝ ያውቀዋል፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት ይለያል። ሥራውም እሱ ነበር።

ስሙ ቆመ፣ ዋጋው ሄደ

መስከረም 1949 እንግሊዝ ፓውንዷን በአንድ ሌሊት ከ4.03 ወደ 2.80 የአሜሪካ ዶላር ጣለችው። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከፓውንድ ጋር የታሰረች ናትና ናይሮቢን ማንም ሳይጠይቅ አብራ ወደቀች። የኢትዮጵያ ብር ግን አልተነካም፤ በዶላር ላይ ያለው ዋጋ ባለበት ቆመ። ከዚያ በኋላ እውነተኛዋን ሽልንግ ይዞ ከሞያሌ ማዶ የመጣ ሰው በኛ ሒሳብ 35 ሳንቲም ገደማ ነው የያዘው። አዲስ አበባ ላይ "ሽልንግ" ያለ ሰው ግን አሁንም ሃምሳ ሳንቲም ነው የሚጠብቀው። የኛ ሽልንግ ከሽልንግ በለጠች።

ቦርዱ ውስጥ ላለመግባት የተከፈለው ዋጋ ሁሉ የተመለሰው በዚያች ሌሊት ይመስለኛል። ኤርትራ ለምሳሌ እስከ 1952 በሽልንጉ ስለቆየች አብራ ወድቃለች።

ሳንቲሟም ብትሆን ከዚያ በፊት ብሯን አጥታለች። ከ1948 ጀምሮ የተመታችው ሽልንግ ብር የሚባል ነገር የላትም፣ መዳብና ኒኬል ናት። እንዳንኮራ ደግሞ የኛዋም በ1947 ከመቶ 80 ወደ 70 ወርዳለች። ዓመቷ ግን አልተቀየረም። ጃንሆይ ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስ ለመገበያያ የተመታው ሳንቲም ሁሉ ፲፱፻፴፮ ይላል። ለዚህ ነው "የ1936 ዓ.ም. ሳንቲም አለኝ፣ ስንት ያወጣል?" ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ደስ የማይለው።

የቦርዱ መጨረሻ አጭር ነው። ታንጋኒካ በ1961፣ ዩጋንዳ በ1962፣ ኬንያ በ1963 ነፃ ወጡ። ሦስቱ መሪዎች አንድ ፌዴሬሽን እንመሠርታለን ብለው ነበር፤ የ1964ቱ ወረቀት ላይ የእንግሊዟ ንግሥት ተነስታ ሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ባለ ሸራ ጀልባ ገባ፣ 5ና 10 ሳንቲሙም ያለ ንጉሥ ስም ወጣ። ቆንጆ ገንዘብ ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን አልሆነም። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ዕቅድ በራሱ ባንክ ማስኬድ ፈለገ፣ እንደ ማዕከላዊ ባንክ እንደልብ ሊያበድር የማይችል ቦርድ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። በ1966 ሰኔ ላይ የታንዛኒያ፣ ነሐሴ ላይ የዩጋንዳ፣ መስከረም ላይ የኬንያ ማዕከላዊ ባንኮች በተራ በተራ ተከፈቱ። ሦስቱም አዲሱን ገንዘባቸውን ሽልንግ አሉት። ሶማሊያም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ባንክም ሕግም ሳይጠይቀን፣ በአፍ ብቻ።

ያን የሳንቲም ሻጭ ረስቼው ነበር። ሁለቱን በወረቀት ሲጠቀልልልኝ የጃንሆይዋን አንስቶ "ይቺ ሽልንግ ናት፣ ንጹሕ ብር" አለኝ። ሌላዋን፣ አንድ ሽልንግ የሚል የተጻፈባትን፣ አገላብጦ አያትና "ይቺ እንኳ የእንግሊዝ ሳንቲም ናት፣ ዝም ብለህ ውሰዳት" ብሎ ጨመረልኝ።